ዋልያውን ማን ይቆጥራል?
የዓለም ቅርስ ቁጥጥር፦ ከስሜን ተራሮች እስከ አልበርታ



የዩኔስኮ ስም በተነሣ ቁጥር በእኛ በስደተኞቹ መካከል ሁለት ዓይነት ሰው አያለሁ። አንደኛው «ስሜን እኮ በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ፈረንጆቹ ይጠብቁታል» ብሎ ልቡን ያሳርፋል። ሁለተኛው ደግሞ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! በገዛ ተራራችን ላይ ምን አገባቸው?» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱ በየክርስትናውና በየለቅሶ ቤቱ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም የሳቱት አንዱን ነገር ነው። ዩኔስኮ በስሜን ላይ ዘበኛም አይደለም፤ ባለርስትም አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው? ሥልጣኑስ ከየት ይጀምራል፣ የት ላይ ያልቃል? የዛሬው ጽሑፌ ይህንን ለማስረዳት ነው።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ትምህርቴን ውጭ አገር ጨርሼ ኑሮዬን እዚህ ካልጋሪ ውስጥ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ከመሠረትኩ ቆይቻለሁ። ቀን ቀን የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧዎች በውሉ መሠረት መሠራታቸውን እመረምራለሁ፤ ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እጽፋለሁ። ስለዚህ ስለ ቁጥጥር ስጽፍ ስለ ዕለት እንጀራዬ እንደጻፍኩ ቁጠሩት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሥራ ሁለቱ በኩሮች

የዓለም የባህልና የተፈጥሮ ቅርስ ጥበቃ ስምምነት በዩኔስኮ ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው በኖቬምበር 1972 ነው። ካናዳ በ1976፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1977 ስምምነቱን ተቀበሉ። በ1978 የስምምነቱ ኮሚቴ ዋሽንግተን ላይ ተሰብስቦ የመጀመሪያዎቹን 12 ቦታዎች መዘገበ። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ ላሊበላና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ሁለቱ ደግሞ የካናዳ ነበሩ፤ በሰሜን ምዕራብ ያለው የናሃኒ ብሔራዊ ፓርክና በኒውፋውንድላንድ ያለው ላንስ ኦ ሜዶስ። የተወለድንበትና የተሰደድንበት አገር በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሰፍረዋል ማለት ነው።

ስሜን የተመዘገበው ያለምክንያት አይደለም። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን፣ በመቶዎችና በሺዎች ሜትር የሚወርደው ገደል፣ ጅብራውና ጓሳው፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው አሉበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኘው ዋልያ የሚኖረው እዚያ ነው።

አንድ መንግሥት ስምምነቱን ሲፈርም መሬቱን ለማንም አሳልፎ አይሰጥም። በአንቀጽ 4 እንደተደነገገው ቅርሱን የመጠበቅ ግዴታ በመጀመሪያ የወደቀው በባለቤቱ አገር ላይ ነው። አንቀጽ 6 ደግሞ የአገሩ ሉዓላዊነት እንደተከበረ ሆኖ ቅርሱ የሰው ልጅ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ይናገራል። ያው አንቀጽ አንዱ አገር በሌላው አገር ያለውን ቅርስ ሆን ብሎ የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራም ያስገድዳል። ስለዚህ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሣው «የእኔ» እና «የሁላችን» የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ ስለተጻፉ ነው።

ዱላ የሌለው ዳኛ

በሥራዬ ላይ ተቆጣጣሪ የሚባለው ሰው ቧንቧው የእሱ አይደለም። ብየዳውንም እሱ አይበይድም። ሠራተኛ አይቀጥርም፣ ገንዘብም አያወጣም። ያለው ነገር የስምምነት ወረቀት፣ መለኪያና ፊርማ ብቻ ነው። «ይህ መገጣጠሚያ አላለፈም» ብሎ ከጻፈ ግን ባለቤቱም፣ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም ያንን ጽሑፍ ያነብቡታል። ጉልበቱ ከዚያ ይመነጫል። የዓለም ቅርስ ቁጥጥርም አሠራሩ ይኸው ነው።

ኮሚቴው ከፈራሚ አገሮች መካከል የተመረጡ 21 መንግሥታት ያሉበት ነው። የተፈጥሮ ቦታዎችን በሚመለከት የሚያማክረው አይ.ዩ.ሲ.ኤን. በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ነው። በእጃቸው ያሉት መሣሪያዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው ሪፖርት ነው። ኮሚቴው ስጋት ካለው ባለቤቱ መንግሥት ስለ ቦታው ሁኔታ በጽሑፍ እንዲመልስ ይጠይቃል። መንግሥት በቅርሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ትልቅ መንገድ ወይም ግድብ ሲያስብም ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት እንዲያሳውቅ ይጠበቅበታል። ሁለተኛው በመንግሥቱ ግብዣ ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ የሚመለስ የባለሙያዎች ልዑክ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሸበርበት «በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ» ነው። አራተኛው ከመዝገቡ ጨርሶ መፋቅ ነው።

ከዚህ ሌላ ፖሊስ የለም፤ የገንዘብ ቅጣትም የለም። አገሮች ለቅርሱ ፈንድ የሚያዋጡት በዩኔስኮ መደበኛ መዋጮአቸው ላይ ከ1 ከመቶ የማይበልጥ ስለሆነ ካዝናውም ያን ያህል አይደለም። «ዩኔስኮ ይጠብቀዋል» ለሚለው ወዳጃችን መልሱ ይህ ነው፤ በጨነቅና በሳንቃበር ሌሊቱን በብርድ የሚጠብቁት የአገሩ ልጆች የሆኑ ስካውቶች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ስሜን ልለፍ። በስምምነቱ የአፈጻጸም መመሪያ መሠረት ከመንግሥት ሌላ ማንም ሰው ወይም ማኅበር ስለ አንድ ቦታ መረጃ ለፓሪሱ ጽሕፈት ቤት መላክ ይችላል። ጽሕፈት ቤቱም የመረጃውን ምንጭና ይዘት ለማጣራት መንግሥቱን መልስ ይጠይቃል። ይህቺን በር ልብ በሏት፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስሜን በመዝገቡ ውስጥ

በ1963 በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሰር ጁልያን ሃክስሊ የነበሩበት የዩኔስኮ ልዑክ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ፓርኮች እንዲቋቋሙ መከረ። የስሜን ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1969 ነው። ዋልያው ያኔም ከጥቂት መቶ የማይበልጥ ነበር። በተራራው ላይ ግን ፓርክ የሚለው ቃል ሳይሰማ ጀምሮ ገብስ የሚዘሩ፣ በግና ፍየል የሚያረቡ ገበሬዎች ይኖሩ ነበር። ወረቀቱ ሲጻፍ ግን እንደ አካባቢው ባለቤቶች አልተቆጠሩም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በደርግ ዘመን ከፊሎቹ በኃይል እንዲነሡ ተደረገ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጦርነቱ አካባቢውን ሲያዳርስ የፓርኩ ሠራተኞች ለቀው ወጡ፤ መንግሥት ተለውጦ ሥራው የተጀመረው ከ1991 በኋላ ነበር።

በ1996 ኮሚቴው ሜሪዳ፣ ሜክሲኮ ላይ ሲሰበሰብ ስሜንን በአደጋ መዝገብ ላይ አሰፈረ። በዚያን ዓመት የተደረገ ጥናት የዋልያውን ቁጥር ከ200 እስከ 250 ገምቶ ነበር። እርሻውና ግጦሹ እየገፋ መጥቷል፤ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው መንገድም ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል። የክልሉ ባለሥልጣናት ውሳኔውን አልተቀበሉትም ነበር። እንደ ስድብ ቆጠሩት ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። እኛም ዘንድ ብዙ ሰው «አደጋ ላይ ነው» ሲባል «ወደቃችሁ» የተባለ ይመስለዋል።

በስምምነቱ አንቀጽ 11 የአደጋ መዝገብ የተበጀው ለሌላ ዓላማ ነው። ትልቅ ሥራ የሚያስፈልገውና የእርዳታ ጥያቄ የቀረበለት ቦታ የሚሰፍርበት መዝገብ ነው። በሐኪም ቤት ቋንቋ በሽተኛው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ እንደማለት ነው፤ ለዘመድ ያስደነግጣል፣ ዓላማው ግን ማዳን ነው። በእርግጥም ከዚያ በኋላ የኦስትሪያ መንግሥት በሰሜን ጎንደር ለተቀናጀ ልማት ገንዘብ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም የታየው በ2001 ነው። የመጣው ልዑክ «ፓርኩን ጠብቁ» ብሎ በደፈናው አልሄደም። የሚለኩ አራት ነገሮችን አስቀመጠ። በድንበሩ ላይ ያሉት መንደሮች ከፓርኩ ውጭ እንዲሆኑ ወሰኑ እንዲስተካከል፤ ፓርኩ ቢያንስ የመሳረርያንና የሊማሊሞን የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታዎች እንዲጨምር፤ በፓርኩ ውስጥ ያለው ሕዝብ ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ እንዲቀንስ፤ በሰፋው ፓርክ ውስጥ የዋልያውና የቀይ ቀበሮው ቁጥር እንዲበዛ። በ2006 ሌላ ልዑክ መጥቶ መለኪያዎቹን አሻሻለ፤ የግጦሹን ጫና መቀነስና ለነዋሪው ሌላ መተዳደሪያ መፍጠር ጎልተው ገቡ።

ሥራው አሥራ ስድስት ዓመት ያህል ወሰደ። 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ ወደ 412 ሰፋ፤ አዲሱ ወሰን በ2014 በሕግ ጸና። የመኪናው ጩኸት ከእንስሳቱ እንዲርቅ ተለዋጭ መንገድ ተጀመረ። በ2015 በተደረገው ቆጠራ ዋልያው ከ800 አለፈ። በጁላይ 2017 ኮሚቴው ክራኮቭ፣ ፖላንድ ላይ ተሰብስቦ ስሜንን ከአደጋ መዝገብ አወጣ። ከ21 ዓመት በኋላ በሽተኛው ከአልጋ ተነሣ ማለት ነው። ዱላ የሌለው ዳኛ በጽሑፍና በትዕግሥት ብቻ ይህን ያህል ማሠራቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በመለኪያው ያልተመዘነው

እዚህ ላይ ብቆም የተቆጣጣሪን ሙያ የማመስገን ያህል ይሆን ነበር። ነገር ግን የእኛ ሥራ አንድ የታወቀ ድክመት አለው፤ በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ነገር አይመረመርም። የብየዳው ጥራት ተጽፎ የመሠረቱ አፈር ካልተጻፈ ሁሉም ፊርማ ተሟልቶ ቧንቧው ሊሰምጥ ይችላል።

በስሜን አናት ላይ ግጭ የሚባል መንደር ነበር። ከ400 በላይ አባወራ፣ 2,500 ገደማ ሰው ይኖርበት ነበር። በ2016 ነዋሪዎቹ ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በመንግሥት ሪፖርት ላይ ነገሩ በፈቃድ የተደረገ ዝውውር ተብሎ ተጽፏል። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን ደግሞ በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ማፈናቀል ይለዋል፤ ከዚያም አልፎ በአፍሪካ ፓርኮች ላይ ቅኝ ገዥነት በአረንጓዴ ካባ ተመልሷል ብሎ ይከራከራል።

በበኩሌ ከብላን ጋር በሁሉም ነገር አልስማማም። ጓሳው ባዶ መሬት እስኪሆን ሲጋጥ የሚጎዳው ፈረንጅ ሳይሆን ከታች ያለው ውሃ ጠጪ የአገሬ ሰው ነው። ዋልያም ለጎብኚ ብሎ የተፈጠረ አይደለም። ግን አንድ ጥያቄውን ማለፍ አልችልም። የዋልያው ቁጥር በቆጠራ ይረጋገጣል። የፓርኩ ስፋት በካርታ ይረጋገጣል። «በፈቃድ» የሚለው ቃልስ በምን ይረጋገጣል? የኮሚቴው ሰነዶች ዝውውሩ በምክክርና በስምምነት እንዲሆን ደጋግመው አሳስበዋል። ነገር ግን ቃሉን የሚጽፈው ሪፖርት አቅራቢው መንግሥት ነው። ገብስና በግ ብቻ የሚያውቅ አባወራ ከተማ ገብቶ ካሳው ካለቀ በኋላ በምን ይተዳደራል የሚለው ነገር በእነዚያ ዓመታት እንደ ዋልያው የሚቆጠርበት መሥመር አልነበረውም።

አንዳንዱ ይህ የድሀ አገር ጣጣ ነው ይል ይሆናል። አይደለም። ባለፈው ጊዜ ከአገር ቤት ሊጠይቁን የመጡትን አክስቴን ከካልጋሪ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ባንፍ ወስጃቸው ነበር። የካናዳ ሮኪ ተራሮች ፓርኮች ከ1984 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው። አክስቴ ሐይቁን አደነቁ፣ ተራራውንም አዩና «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሣር ከብት የለበትም? ሰዎቹስ የት ሄዱ?» አሉኝ። መልሱን በአገር ቤት ቋንቋ ለመንገር አልከበደኝም። ባንፍ በ1880ዎቹ ፓርክ ሲሆን ስቶኒ ናኮዳ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ከአደን መሬታቸው እንዲርቁ ተደርገዋል። ግጭ የተለቀቀችው በ2016፣ ባንፍ ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው ልዩነቱ።

በአልበርታ የተጻፈው ደብዳቤ

ከቴምፕል ወደ ሰሜን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ውድ ባፋሎ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1922 ተቋቁሞ በ1983 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ስፋቱ ከ44,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከስዊዘርላንድ ይበልጣል። የዱር ጎሽ መንጋ አለበት። ሁፒንግ ክሬን የተባለው ነጭ ረጅም እግር ወፍ በተፈጥሮ የሚፈለፍልበት ቦታም እሱ ነው፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ 20 ገደማ ብቻ የቀረው ይህ ወፍ ዛሬ በዚያ መንጋ ከ500 በላይ ሆኗል። የፓርኩ ልብ የፒስና የአታባስካ ወንዞች የሚገናኙበት ረግረግ ነው።

የረግረጉ ችግር ከፓርኩ ወሰን ውጭ ነው። በፒስ ወንዝ ላይ በ1968 የተጠናቀቀው የቤኔት ግድብ የውሃውን የተፈጥሮ አወራረድ ቀይሯል። በአታባስካ ወንዝ ዳር ደግሞ ብዙዎቻችን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንጀራ የምንበላበት የነዳጅ አሸዋ ማዕድን አለ፤ የዝቃጭ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎቹ የያዙት ከአንድ ትሪሊዮን ሊትር በላይ ነው።

በዲሴምበር 2014 በፎርት ቺፕዋያን አካባቢ የሚኖሩት የሚኪሱ ክሪ ሕዝብ ያቺን በር አንኳኩ። ውድ ባፋሎ በአደጋ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ለዩኔስኮ ጻፉ። ባለቤቱ የካናዳ መንግሥት ነው፤ ደብዳቤው ግን የመጣው ከነዋሪው ነው። በ2016 ልዑክ መጣ፤ ነዋሪውን አነጋገረ፤ 17 ምክሮች ጻፈ። በ2019 ካናዳ 142 ተግባሮች ያሉት ዕቅድ አቀረበች፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላርም መደበች። በ2022 ሁለተኛ ልዑክ ተመልሶ አየ።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ኮሚቴው ካናዳን «ዕቅድ አቅርቢ፤ አለበለዚያ የአደጋ መዝገብ ይጠብቅሻል» ብሎ ያስጠነቀቀው በጁላይ 2017 በክራኮቭ ስብሰባ ላይ ነበር። ስሜን ከአደጋ መዝገብ በወጣበት በዚያው ስብሰባ ማለት ነው! «ቁጥጥሩ ለአፍሪካ ብቻ ነው» የሚለው ወዳጃችን ይህቺን ልብ ይበል።

ቁጥጥሩ ሁሉንም አላስቆመም፤ ይህም መነገር አለበት። በፒስ ወንዝ ላይ ሳይት ሲ የተባለው ሌላ ግድብ ተሠርቶ በ2024 ኃይል ማመንጨት ጀመረ። በ2022 ከፎርት መክመሪ በስተሰሜን ባለው የከርል ማዕድን ከዝቃጭ ኩሬ የሚሰርግ ውሃ ታየ፤ በ2023 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከአምስት ሚሊዮን ሊትር በላይ ፈሰሰ። ከወንዙ በታች ያሉት ነባር ሕዝቦች ለወራት በወጉ አልተነገረንም ብለው አምርረው ከሰሱ። ባለጠጋ አገርም በወረቀት አሳምሮ በመሬት ላይ ሊያጎድል ይችላል።

ሆኖም በስሜንና በውድ ባፋሎ መካከል ያለውን ዋና ልዩነት ተመልከቱ። በውድ ባፋሎ ነዋሪው ከሳሽ ሆኖ ገባ፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ውሃውም፣ ዓሣውም፣ የነዋሪው የመወሰን መብትም ተጻፉ። በስሜን ነዋሪው የገባው በስጋትነት ነው፤ ስለዚህ የተጻፈው የሚቀንስበት መንገድ ነበር። ሕጉ አንድ፣ ኮሚቴው አንድ፣ ዓመቱም አንድ። የተለየው ብዕሩን ማን እንደያዘ ነው።

ገደቡ የት ነው?

ዳኛው ዱላ እንደሌለው የሚያሳይ ምሳሌ ከኦማን ላቅርብ። የአረቢያ ኦሪክስ ጥብቅ ቦታ በ1994 ተመዘገበ። በ1996 እንስሳው 450 ነበር፤ በኋላ ወደ 65 ወረደ። መንግሥቱ ነዳጅ ለመፈለግ ብሎ የጥብቁን ስፋት በ90 ከመቶ ቀነሰው። በ2007 ኮሚቴው ቦታውን ከመዝገቡ ፋቀው። ኦማንን ማንም አልቀጣትም። ባለቤቱ «ይቅርብኝ» ካለ ቁጥጥሩ ያበቃል። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ይህንን ነው።

ሌላው ወደ ቤታችን የሚቀርብ ነው። በኬንያ ያለው የቱርካና ሐይቅ ፓርኮች በ2018 በአደጋ መዝገብ ላይ ሰፈሩ፤ ዋናው ምክንያት በእኛው የኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 ነው። ሐይቁ ከ80 ከመቶ በላይ ውሃውን የሚያገኘው ከኦሞ ነው። እንደ መሐንዲስ ግድቡ ያኮራኛል፤ የመብራት ችግርን በጨለማ ያጠና ትውልድ ነኝ። ነገር ግን ከላይ የጠቀስኩት አንቀጽ 6 በእኛም ላይ ይሠራል። በቤኔት ግድብ ጊዜ ከሚኪሱ ክሪ ጎን ቆሜ በጊቤ ጊዜ ከወንዙ በታች ያለውን ሰው ዝም ብል ሚዛኔ አንድ አይሆንም።

ደግሞም ዳኞቹ ራሳቸው መንግሥታት ናቸው። ከ2019 እስከ 2023 ኢትዮጵያ ከ21ዱ አንዷ ነበረች። በሴፕቴምበር 2023 የባሌ ተራሮችና የጌዴኦ መልክዓ ምድር ሪያድ ላይ ሲመዘገቡም ወንበሯ ላይ ነበረች። ሁለቱም ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚህ ስብሰባ ውስጥ ዲፕሎማሲም አብሮ እንደሚሠራ ማወቅ ጥሩ ነው።

ከ2017 በኋላስ?

በሽተኛው ከአልጋ ሲነሣ ዘመድ ይበተናል። ስሜን ከአደጋ መዝገብ ከወጣ በኋላ የመጣው ግን ቀላል አልነበረም። በ2019 ትልቅ ቃጠሎ ተነሥቶ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከዚያ ወረርሽኙ የጎብኚውን ገቢ አደረቀው። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደባርቅ አቅራቢያ ደረሰ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀጣጠለ። በ2015 ከ800 በላይ የነበረው ዋልያ በ2024 ወደ 300 ገደማ ወርዶ ተቆጠረ። በ1996 ዓለምን ካስደነገጠው ቁጥር ብዙም የራቀ አይደለም። የብሔራዊ ቡድናችን መጠሪያ የሆነው እንስሳ ከአንድ ትልቅ የሠርግ ድግስ እንግዳ ያነሰ ቁጥር ቀርቶታል።

እኛ ባሕር ማዶ ያለነው ምን እናድርግ? ተራራ ላይ ወጥተን ዘብ አንቆምም። ሦስት ነገር ግን በእጃችን ነው።

አንደኛ እናንብብ። መንግሥታት የሚያቀርቧቸው ሪፖርቶች፣ የልዑካኑ ጽሑፎችና የኮሚቴው ውሳኔዎች በአብዛኛው ለሕዝብ የተከፈቱ ናቸው። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ለምናነብ ለእኛ ሰበብ የለንም። የደባርቅ ገበሬ ስለ ራሱ የተጻፈውን ሊያነበው አይችልም፤ ዋና ዋናውን በአማርኛ ተርጉሞ መላክ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ሁለተኛ እንጻፍ። የሚኪሱ ክሪ ያንኳኩት በር ለእኛም ክፍት ነው። ቁጣና መፈክር ግን ዋጋ የለውም። ቀን፣ ቦታ፣ ፎቶግራፍ፣ ቁጥር፣ የነዋሪው ቃል ያለበት ጽሑፍ ነው የሚነበበው። የእኔ ሙያ ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ «ቧንቧው መጥፎ ነው» የሚል ማስታወሻ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ «በዚህ ቀን፣ በዚህ መገጣጠሚያ፣ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ስንጥቅ» የሚል ማስታወሻ ግን ሥራ ያስቆማል።

ሦስተኛ፣ በማኅበሮቻችን በኩል ለአካባቢው ገንዘብ ስናዋጣ፣ ወይም አገር ቤት ሄደን ተራራውን ስንጎበኝ፣ በዝርዝሩ ላይ የጎደለችውን መሥመር እንጠይቅ። ከግጭ የወረዱት አባወራዎች ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል? ስንቶቹ በፓርኩ ሥራ፣ በመሪነት፣ በበቅሎ ኪራይ ገቢ አግኝተዋል? ይህ ጥያቄ ዋልያውን ለመጉዳት አይደለም። ከተራራው የወረደ ሰው ተራራው ካልጠቀመው ነገ ጠባቂው ማን ሊሆን ነው?

ዋልያውን ማን ይቆጥራል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ዋልያውን የሚቆጥሩት ገደል ለገደል የሚዞሩት የአገሩ ስካውቶች ናቸው፤ ፓሪስ የተቆጠረውን ይመዘግባል። ሰውየውን የሚቆጥረው ግን ገና አልተሾመም። ሹመት የማያስፈልገው ሥራ ስለሆነ ከመካከላችን ማንም ሊጀምረው ይችላል።

ቸር ያሰማን።

ቴምፕል፣ ካልጋሪ